መርዶ ይዤ ጎማ ስለጥፍ

ማክሰኞ

ተነፈሰ! የኋላው ጎማ፣ ሞተሩ ያለበት። ገና ወር ያልሞላው የኤሌክትሪክ ሳይክል እኮ ነው። እየገፋሁ ስመጣ የሰፈራችን ጎሚስታ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ምነው፣ ባትሪው ደከመው?» ብሎ ሰው ሁሉ አሳቀብኝ። ለእሱ ከምሰጥ ሞቼ ልገኝ! ስልኬ ላይ ቪዲዮ አየሁና ራሴ ገባሁበት።

እማዬ ልብስ የምታጥብበትን ሳፋ ውሃ ሞልቼ ከጎማው ውስጥ ያወጣሁትን ከመነዳሪ ነከርኩ። አረፋ ወጣ፣ ቀዳዳው ተገኘ። ማስቲሽ ቀባሁ፣ ለጠፍኩ፣ ነፋሁ። ያዘ! ጎማውን መመለሱ ግን አበሳዬን አሳየኝ፤ በካቻቢቴ ስታገል ጣቴን ላጥኩት። እማዬ በር ላይ ቆማ «ለሚያውቅ ብትሰጠው ምን አለ?» አለች። እኔ ምኔ ሞኝ ነው አልኳት።

ረቡዕ

ሥራ ደርሼ ተመለስኩ፣ ጎማው ድንጋይ ነው። ሆን ብዬ በጎሚስታው ፊት ለፊት አለፍኩ። ቀና ብሎም አላየኝ።

ማምሻውን ጎረቤታችን አባባ ዘውዴ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር። ድንኳን ስንተክል የእህታቸው የእትዬ አስካለ ነገር ተነሳ፤ አስኮ ነው የሚኖሩት። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው በማለዳ ሄዶ ለጎረቤት ይነግራል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያረዳቸዋል። የእድሩ ሊቀመንበር «ማን ይሂድልን?» ሲሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። የታክሲ ሰልፍ ምን ያደርጋል፣ እኔ በሳይክል እበርራለሁ አልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሐሙስ

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። መንገድ ሳላጋምስ የኋላው ጎማ ፍስስ ብሎ ቁጭ አለ። ሚኒባስ አጠገቤ ቆሞ ረዳቱ «አስኮ! አስኮ! አንድ ሰው!» ይላል። አልገባሁም። ሳይክሉን ለማን ልጣለው? ደግሞስ እበርራለሁ ብሎ በታክሲ ሄደ ልባል? እዚያው መንገድ ዳር ገልብጬ መፍታት ጀመርኩ። የሞተሩ ሽቦ አላላውስ አለኝ። ለጠፍኩ፣ ነፋሁ፣ ተነፈሰ። እንደገና ለጠፍኩ፣ እንደገና ተነፈሰ። ለካ መጀመሪያ የወጋችው ሚስማር ጎማው ውስጥ እንደተሰካች ናት! ማክሰኞ ከመነዳሪውን ብቻ ለጥፌ፣ የጎማውን ውስጥ በእጄ ሳልዳብስ ዘግቼዋለሁ። ደደብ!

በዚህ መሀል ሊቀመንበሩ ደወሉ። «ደረስክ ልጄ?» አሉኝ። ደርሻለሁ አልኩ። እውነቱን ብናገር ሌላ ሰው ይልኩ ነበር እኮ።

እየገፋሁ አስኮ ስገባ እኩለ ቀን አልፏል። የእትዬ አስካለ ጎረቤት ቀብሩ ስምንት ሰዓት መሆኑን ስነግራት ጭንቅላቷን ይዛ «እስካሁን የት ነበርክ?» አለች። ጎረቤቶቹ ተጣድፈው አረዷቸው፣ መኪና ለምነው ይዘዋቸው መጡ። ካህናቱም ሰዉም ጠብቆ ጠብቆ ቀብሮ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኙ። ከዚያው ወደ ድንኳኑ ይዘዋቸው ተመለሱ። «ወንድምጋሼን ሳልሸኘው!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ሰማሁ። አንዱ «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው» አለ። እኔም «አዎ» አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ

ሥራ አልሄድኩም። ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ላየው አልፈልግም። ድንኳን ውስጥ ውሃ ሳድል ሽማግሌዎቹ «ተባረክ፣ ትናንት ለፋህ» ይሉኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ አስካለ ጋ ስደርስ ውሃው ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰብኝ። «ምን ሆነሃል ልጄ?» አሉኝ። ልጄ ሲሉኝ አልቻልኩም። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጎማውን፣ ያልገባሁበትን ታክሲ፣ ደርሻለሁ ያልኩትን። እማዬ አጠገባቸው ነበረች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሊቀመንበሩም ሰሙ።

እትዬ አስካለ «በጎማ ነው ወንድሜን ሳልሰናበተው የቀረሁት?» አሉ።

«በእኔ ነው» አልኩ።

«ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ከአንጀቴ አይሆንም። ነገ ሣልስቱ ነው። የት እንዳሳረፋችሁት እንኳ አላውቅም። መጥተህ መቃብሩ ጋ ውሰደኝ። ሌላ ሰው አልፈልግም፣ አንተ።»

እሺ አልኳቸው። ክንዳቸውን ይዤ መንገዱን ሙሉ ምን እንደምላቸው አላውቅም። በማለዳ እንድትቀሰቅሰኝ ለእማዬ ነግሬያታለሁ።