በእኔ ድምፅ

ጥቅምት 4
ሰባ አራት ዓመቴ። ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ሱሪ በአንድ ቀን ሰፍቼ አስረክባለሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ የበላሁበትን ሳህን ሌላ ሰው አላጠበውም።

ልጄ ዛሬ ሱቄ ውስጥ ስልክ የሚመልስ ነገር አስገባች።
"አባዬ፣ አንተ ስፌት ላይ ስትሆን ደንበኛ ደውሎ ደውሎ ይተወዋል። ይሄ በአንተ ድምፅ ያናግራቸዋል።"
ድምፄን እንዲለምድ ይሄን አንብብለት ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ጮክ ብዬ ሳነብ ስደናቀፍ ልታየኝ? "ለብቻዬ ነው የማነበው" ብዬ አስወጣኋት። ወረቀቱን ትቼ ዝም ብዬ አወራሁለት። አንድ ሰዓት ሙሉ... ምን ያላልኩት አለ?

ጥቅምት 19
ሥራ በዛ። የተማሪ ዩኒፎርም ብቻ አርባ። ጎረቤቴ ባለሱቋ ሳቀችብኝ።
"ምን ነካህ? ብደውል ረጋ ብለህ አናገርከኝ። ድሮ ስልክ ስታነሳ ቤትህ የሚቃጠል ነበር የሚመስለው።"

ኅዳር 2
ውጭ ቆሜ ደወልኩለት። "ሃሎ" አልኩ። ከውስጥ ደግሞ "ሃሎ፣ ምን ልታዘዝ?" አልኩ። በመሃል ሳል አለ። የእኔው ሳል። ዘጋሁት።

ኅዳር 6
ድሮ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ይቆርጥልኝ የነበረው ቆራጭ መጣ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ ሰረቅህ ብዬ ያባረርኩት። ጨርቁን በሦስተኛው ወር ከመደርደሪያው ኋላ አግኝቼዋለሁ። ለሰው አልተነፈስኩም። ለዚያ ስልክ መላሽ ብቻ፣ ድምፄን ያስለመድኩት ቀን...
እጄን ይዞ ቆመ።
"ጋሼ፣ ልጅዎ ታነሳለች ብዬ ነበር የደወልኩት። ስሜን ስናገር፣ 'አትዝጋው፣ ጨርቁ ተገኝቷል፣ በድዬሃለሁ' አሉኝ። ትቼዋለሁ ጋሼ። ከልቤ።"
እኔ አይደለሁም ልበለው? ወንበር ሳብኩለት። ያልጠየቅኩትን ይቅርታ ወሰድኩ። ሌባው እኔው ሆንኩ።

ኅዳር 7
"ንቀዪልኝ" አልኳት ልጄን።
"ሥራው እኮ እጥፍ ሆነ፣ አባዬ።"
"ስለ ሥራው መች አወራሁ? ቃሌን ወሰደብኝ።"
ፊቷን አዞረች። "እኔም እደውልለታለሁ። በምሳ ሰዓት። አንተ ብለኸኝ የማታውቀውን ይለኛል።"
"ምን ይልሻል?"
"እነቅለዋለሁ" ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ኅዳር 9
ነቀለችው። ስልኩ ሲጠራ እኔው አነሳሁ። ደንበኛው ግራ ገባው። "ይቅርታ፣ ባለቤቱ የሉም?"
ነኝ አልኩት። ያመነኝ አልመሰለኝም።

በራሴ አፍ የምከፍለው ዕዳ፦
ለቆራጩ። ጨርቁ የተገኘው ያኔ በሦስተኛው ወር እንደሆነ። ዘጠኝ ዓመት እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ። ነገ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ።
ለልጄ። በምሳ ሰዓት ይላት የነበረውን... ምን እንደሆነ ባላውቅም።