ሙሉ ደቂቃ

ኅዳር 3፣ ጧት 1 ሰዓት

ሰዓቱን ሞላሁ። እጄን እስከ ክርኔ ታጠብሁ። የምነካው ሕፃን የለም፤ ግን ታጠብሁ። ከነርስነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲሁ ነው፤ ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ትናንት ከማንም ጋር አልተነጋገርሁም። ከትናንት ወዲያም።

3፡30

የሺ፣ የጓሮውን ክፍል የተከራየችኝ አራስ፣ የልጇን ጨርቅ ልታሰጣ ወጣች። ደስ ብሏታል። “ልጄ ጨዋ ሆነችልኝ እኮ፣ እማማ! ከትናንት ወዲህ አንዴ እንኳ አላለቀሰችም።”

ልጅቷ የአምስት ሳምንት ናት። ትጠባለች ወይ አልሁ። ትንሽ ጠብታ ትተኛለች አለች። አልወደድሁትም። ተከትያት ገባሁ።

ወ/ሮ ጥሩሰው፣ የባሏ እናት፣ ልታርሳት ከሽንዲ መጥታለች። አልጋው ጫፍ ላይ ነች። መጠቅለያውን ከሕፃኗ ደረት ገለጥሁ። ሰዓቱን ይዤ ትንፋሿን ቆጠርሁ። ደረት ከፍ፣ ደረት ዝቅ። አርባ ሰከንድ ላይ ወ/ሮ ጥ. ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሸፈነቻት። እትፍ እትፍ አለችባት።

“ክርስትና ባልተነሳች ልጅ ላይ እንዲህ ማፍጠጥ የምን ነው? ምነው ቃል እንኳ ቢተነፍሱ! ዝም ብለው ነውኮ የሚያዩ።”

አርባ አምስት ትንፋሽ ደርሼ ነበር። ሙሉ ደቂቃ ያልሞላ ቁጥር አልመዘግብም። ግን ፈራሁ። ሆስፒታል ውሰዷት አልሁ። ወ/ሮ ጥ. ዓይን ሲለያት ይሻላታል አለች። በሩ ተዘጋ።

10 ሰዓት

ሁለቴ አንኳኳሁ። አልከፈቱም።

በራቸው ላይ ጤና አዳም አስረዋል። ለእኔ ዓይን መሆኑ ነው። የተቆረጠውም ከእኔው ጓሮ። እኔ የተከልሁት! ሳቄ መጣ፤ መንገድ ላይ ቀረ።

ነርስ ት/ቤት የነበረችው አስተማሪያችን ስትቆጥሩ አፋችሁን ዝጉ ትል ነበር። የተናገረች ጣቷን በማስመሪያ ትመታለች። ዝምታው ውስጤ ገባ፤ አልወጣም። ዕድሜዬን ሙሉ የልጅ ትንፋሽ ስቆጥር ኖሬ ለአንዲት እናት እንኳ ምን እንደማይ ነግሬ አላውቅም። ቡሬ ስሠራ አንዷ፣ ምኑን ነው የሚያዩት ብትለኝ፣ በእጄ ዝም በይ አልኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ያኔ ስለ ልጇ መስሎኝ ነበር። ስንቷ ከእኔ ሸሽታ ይሆን?

በግድግዳው እሰማለሁ። ለቅሶ የለም። አሁንም የለም። ሌላ መንገድ

ኅዳር 4፣ ጧት

ትናንት ሳልጨርስልሽ ብዕሬን ጥዬ ሄድሁ። በሩን ደበደብሁ። ሲከፈት ጀርባዬን ሰጠሁ፤ ፊቴ ወደ ግቢው። የሺ፣ እኔ አላያትም፣ አንቺ እያት አልሁ። ደረቷን ግለጪ። ከፍ ባለ ቁጥር አንድ በይ። ድምፅሽን አውጪ። ሰዓቱ በእኔ እጅ ነው። ጀምሪ!

ቆጠረች። አቁሚ ስላት ስልሳ ስምንት። በዚህ ዕድሜ ስልሳ ከደረሰ ፈጣን ነው፤ ይደገማል። ድገሚ አልኋት። ሰባ አንድ። ሁለተኛውን ወ/ሮ ጥ. አብራ ቆጠረች። ሰማኋት።

አየር ስትስብ ከጎድኗ ሥር ይሰረጉዳል ወይ አልሁ። ወ/ሮ ጥ. ራሷ፣ ይሰረጉዳል አለች።

ጨዋ ሆና አይደለም አልሁ። የምታለቅስበት አቅም አጥታ ነው።

ባጃጅ ተጠራ። ከገላሽ አጣብቀሽ አሙቂያት፣ አፍና አፍንጫዋን እንዳትሸፍኑ ብዬ ጮህሁ። ጀርባዬን እንደሰጠሁ። ይምጡ ያለኝ የለም። ግቢው ባዶ። የሰዓቱ ድምፅ ብቻ።

ኅዳር 6፣ 8 ሰዓት

ወ/ሮ ጥ. ጨርቅ ልትወስድ መጣች። ሳምባ ምች ነው ተብሏል። ኦክስጅን አድርገውላታል፣ መርፌም ጀምረዋል። ዛሬ ጡት ያዘች። ነርሷ ዝም ብላ ስትቆጥር ተናደድሁ አለች። “አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ ቁጠሪ፤ እኔም ልስማው አልኋት!”

ሳቅሁ። በድምፅ። ቁጭ በይ ልላት ወንበሩን ስስብ ወጥታለች።

ኅዳር 14፣ ጧት 1 ሰዓት

ትናንት ገቡ። ከንጋት ጀምሮ ታለቅሳለች። ጨዋነቷ ጠፋ! እንዴት ያለ ጩኸት ነው። ዳቦዬን ይዤ አዳምጣለሁ።

ሳልፍ ግን ወ/ሮ ጥ. አሁንም የልጅቷን ፊት ትሸፍናለች። አልተሰማኝም እንዳልልሽ፤ ያማል። በሩ ላይ ያለው ጤና አዳም ደርቋል። ትኩስ ቆርጬ ደጃፋቸው አኖርሁላቸው።

ወሰንሁ። ክርስትናዋ እስኪደርስ አላያትም። ጧት ጧት በርጩማዬን በራቸው ላይ አድርጌ፣ ፊቴን ወደ ግቢው መልሼ እቀመጣለሁ። እነሱ ይቆጥራሉ። እኔ ሰዓት እይዛለሁ። የሺ እሺ ብላለች። እያለቀሰች ግን አይቆጠርም። ዝም እስክትል ይጠበቃል።

ዝም አለች። ጡት ይዛለች ማለት ነው።

የሺ ትጣራለች። ሲስተር፣ ይምጡ እንጂ፣ ጀምሪ ይበሉን! ሲስተር አለችኝ። ከጡረታ ወዲህ ማንም

ሰዓቱን አልሞላሁም። ልሙላና