ለአቶ በለጠ የሚሆን አበባ

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለሰብሊ፣ ጅማ። እንደምን ከረምሽ፣ የኔ ጉረኛ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺን ለማብሸቅ የሚበቃ ጤና አለኝ።

ጎረቤታችን በለጠ አያትሽ የተከለችውን ጽጌረዳ «አጥሬን ገፋብኝ» ብሎ በመጋዝ ጣለው። እኔም የምበቀልበት አበባ ፍለጋ ችግኝ ሻጯ ብርነሽ ዘንድ ሄድኩ። ቡገንቪሊያ የሚሉት ሐረግ ልቤን ወሰደው። እሾሃም ነው፣ አጥር ይሻገራል፣ አበባውንም እዚያ ማዶ ያራግፋል፤ በለጠ ዕድሜ ልኩን ሲጠርግ ይኖር ነበር።

«አጥሩን እስኪያልፍ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አልኳት።

«ሁለት ዓመት፣ አባባ። ይህ ጽጌረዳ ግን በጣሳም ያድጋል፤ የትም ቢሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ።»

ባለፈው ሳምንት ሰዎች መጥተው በሰፈሩ በር ሁሉ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፈው ሄደዋል። ጽጌረዳውን ገዛሁ።

በለጠ ከበቀሌ ተረፈ ብለሽ ግን እንዳታስቢ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ከሱ በላይ ያለው ፎቅ እንዲደርሰኝ ተስያለሁ። ጣሳዬን በረንዳ ላይ አስቀምጬ፣ እሱ ልብሱን አጥቦ ሲያሰጣ ጠብቄ ውሃ አጠጣለሁ።

ለእረፍት ስትመጪ በቀጥታ ወደ ካዛንቺስ አትምጪ፤ መጀመሪያ ደውዪልኝ።

በሰላም ያገናኘን።

አያትሽ ኃይለገብርኤል