ናሆም ወለል ላይ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ከቀኑ 10፡30

ከት/ቤት ገባሁ። ቤቱ ጭጭ። ደብተሬ፣ የማወራሽ አንቺው ነሽ። አክስቴ እቴቴ ወንድሜን ናሆምን አዝላ ትወዛወዛለች። አስራ አንድ ወሩ ነው፤ ዓይኑ አያይም፤ መዳህ አልጀመረም። የት ይጀምር? ከጀርባዋ መቼ ወርዶ! እቴቴ ያለ ናሆም ብትራመድ ሚዛኗን ስታ የምትወድቅ ይመስለኛል።

የናሆምን እንቅስቃሴ የምትከታተለው ፊዚዮቴራፒስት ለእማዬ ነግራታለች፦ በሆዱ ወለል ላይ ይተኛ፣ ድምፅ ወዳለበት እጁን ይዘርጋ፣ ስታነሱት አስቀድማችሁ ንገሩት። እቴቴ «እሷ ልጅ አሳድጋ ታውቃለች ወይ?» አለች። ሴትየዋ የሦስት ልጆች እናት ናት!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ምስር ከተትኩ። እቴቴ ናሆምን አውርዳ ጓዳ ስትገባ ወለል ላይ በሆዱ አስተኝቼ መጀመሪያ በእጁ አስነካሁት። ከዚያ ራቅ አድርጌ አንቀጫቀጭኩት። አንገቱን ቀና አደረገ! እቴቴ ደርሳ አፈፍ አደረገችው። ብርድ ይመታዋል አለች። (በመስኮት የገባው ፀሐይ አናቴን እየበሳኝ።) ሳይነገረው ስለተነሳ ደንግጦ አለቀሰ። አየሽ፣ ወለሉን ጠልቶ ነው አለችኝ። ምስሩም ለወጥ እንጂ ለጨዋታ አይደለም።

እማዬ 1 ሰዓት ገባች። ድሮ ከሥራ ስትገባ እየዘመረች ነበር። ሐኪሙ ናሆም እንደማያይ ከነገረን ወዲህ መዝሙር የለም። ጎረቤት ሳይቀር በሹክሹክታ ያወራል። ሰው የሞተብን ይመስል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

እቴቴ ለቅሶ ልትደርስ ሄደች፤ ሕፃን ይዞ አይኬድም። ናሆምን ምንጣፍ ላይ በሆዱ አስተኛሁት። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስጽፍልሽ ማልቀስ ጀመረ። አጠገብህ ነኝ እኮ ልለው ስል ደነገጥኩ። ዝም ካልኩ ለሱ የለሁም። እኔ አንቺ አለሽኝ። እሱስ?

የሰኞውን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ለቅሶውን አቆመ። እቴቴ ሚዛኗን የምትስትበት ላይ ስደርስ በክርኑ ራሱን ወደ እኔ ገፋ። አንድ ስንዝር! ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ አነበብኩ። ሌላ ስንዝር።

ቀና ስል እቴቴ በሩ ላይ። ሁሉንም ሰምታለች። አለቀልኝ።

እጇን ወደ ናሆም ዘረጋች። ሳታነሳው እጇን መለሰች። ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ቀጥይ እንጂ፣ አንቺ ባለጌ። የምስሩንስ አልጻፍሽውም?»

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ደብተሬ፣ አትቀየሚኝ። ከእንግዲህ ዝም ብዬ አልጽፍብሽም። ይኸው የምጽፈውን ጮክ ብዬ እያልኩት ነው። እማዬ ከጓዳ ሰምታ ሳቀች፤ ስንት ጊዜዋ! እቴቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንዳታነሳው ራሷን ገታለች። ናሆም እየመጣ ነው። ሁለት ስንዝር ቀረው። አንድ። እስክሪብቶዬን ያዘ—