እማማ መደርደሪያና አራቱ መደርደሪያዎቻቸው

ልጆች ሁሉ «እማማ መደርደሪያ» የሚሏቸው ውድ እናታችን የተወለዱበትን ዓመት በተመለከተ ሁለት ምስክርነት አለ። በመሥሪያ ቤት ማኅደራቸው፣ በገዛ እጅ ጽሑፋቸው የሰፈረው 1948 ዓ.ም. ነው። እህታቸው ግን «እሷ ስትወለድ እኔ ገና አልታሰብኩም» ሲሉ በ1944 ዓ.ም. መወለዳቸውን አስረግጠው ተናግረዋል። ሁለቱ እህትማማቾች ስልሳ ዓመት ሙሉ እርስ በርስ «እትዬ» ሲባባሉ ኖረዋል፤ ታናሽነትን አንዳቸውም ለሌላዋ አልለቀቁም። ወላጆቻቸው በሕይወት ስለሌሉ፣ ቤተሰቡም ከእህታቸው ጋር በሰላም መኖር ስላለበት፣ ሁለቱም ዓመቶች እዚህ ተመዝግበዋል።

አባታቸው ልብስ ሰፊ፣ እናታቸው የቤት እመቤት ነበሩ። ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው፣ በንብረት አያያዝ ሠልጥነው፣ በ1968 ዓ.ም. በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። በ1970 ዓ.ም. የክፍሉን በር ሊጠግኑ ከመጡት አናጢ ጋር ትዳር መሠረቱ። በሩ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ስለተበላሸ የሥራ ባልደረቦቻቸው ነገሩን ቀድመው ጠርጥረውት ነበር። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በሥራቸው እጅግ ጥንቁቅ ነበሩ። መምህራን አዲስ ጠመኔ የሚያገኙት ያለቀውን ቁራጭ ይዘው ሲመጡ ብቻ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ አራት መቶ የልጆች መጻሕፍት በስጦታ ሲመጡም እንደማንኛውም ንብረት ተረከቧቸው፤ ማኅተም መቱባቸው፤ ቆለፉባቸው። የዓመቱ መጨረሻ ሪፖርታቸው «አንድም አልጠፋም፤ አንድም አልተቀደደም» የሚል ነበር። ለዚህም የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎላቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ደብዳቤውን ፊደል በፊደል አንብባ ስታበቃ «እና ማን አነበባቸው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ያን ቀን ምሳቸውን ሳይበሉ ዋሉ።

በማግስቱ የተሰባበሩ ወንበሮች ታጭቀውበት የነበረውን ክፍል ለመጽሐፍ ቤት አስፈቀዱ። መደርደሪያዎቹን የሠሩላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ልኩ የተወሰደው ከአንደኛ ክፍል በቁመት ከሁሉ ከምታንሰው ልጅ ስለነበር፣ አናጢው «ይሄ ለሰው ነው ለድመት?» ብለው አንድ ሳምንት ተከራክረው ተሸንፈዋል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክፍል መጽሐፍ የፈለገ ትልቅ ሰው ሁሉ መሬት መቀመጥ ግድ ሆነበት።

አራት መቶ መጽሐፍ አንብቦ በየዓይነቱ ለመለየት ጊዜ ስላልነበራቸው ሥራውን ለአንባቢዎቹ ሰጡ። አራት መደርደሪያዎች ነበሩ፦ የሚያስቅ፣ የሚያስፈራ፣ የሚያስለቅስና የሚያስተኛ። አንብቦ የመለሰ ልጅ መጽሐፉን በፈረደበት ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ሌላ አንባቢ ካልተስማማ ያዛውረዋል። እሳቸው በፍርዱ አይገቡም። መጽሐፍ ንጹሕ ሆኖ ከተመለሰ ግን ልጁን «ወይ አላነበብከውም፣ ወይ ለማንም አላዋስክም» ብለው ይመረምሩታል። አንድ የንብረት ተቆጣጣሪ ስልሳ ሦስት መጻሕፍት ተቀድደው አግኝተው፣ በመዝገቡ የምክንያት ረድፍ ላይ «ተነበበ» የሚል ሲያዩ ይህ ተቀባይነት የለውም አሉ። ክፍሉን ገብተው እንዲያዩ ተጋበዙ። ወደ መደርደሪያው ቁጢጥ ሲሉ ሱሪያቸው ከመጻሕፍቱ የባሰ ስለተቀደደ፣ ሪፖርቱን ፈርመው በግድግዳው ጥግ ጥጉን ወጡ።

ያኔ አዲስ የነበሩት ርዕሰ መምህራችንም ስለ ተማሪዎች ሥነ ምግባር የጻፉትን መጽሐፍ ሃያ ቅጂ አበርክተው ነበር። በሳምንቱ ሃያውም ከሚያስተኛው መደርደሪያ ተገኙ። እንዲነሱላቸው ቢጠይቁ፣ እማማ መደርደሪያ በትሕትና «እርስዎም አንባቢ ነዎት ጋሼ፤ አንብበው ደስ ባለዎት ቦታ ያስቀምጡት» አሏቸው። ርዕሰ መምህሩ ግድግዳውን ተደግፈው ማንበብ ጀመሩ። የቀሰቀሳቸው የመውጫው ደወል ነው። ይህ እዚህ እንዲጻፍ እሳቸው ራሳቸው ፈቅደዋል፤ ምስጋናችን የላቀ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በማኅደራቸው መሠረት ጡረታ ወጡ። (በእህታቸው አቆጣጠር አራት ዓመት ዘግይተዋል።) በማግስቱ ግን እንደወትሮው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሉን ከፍተው ተገኙ፤ ዘጠኝ ዓመት ያህልም ያለ ደመወዝ አገለገሉ። ትምህርት ቤቱ ለዚህ ሥራ ቅጥር ስለሌለው፣ እሳቸው ሲያቆሙ የሚተካቸው ሰው ካልተገኘ ክፍሉ ወደ ወንበር መጋዘንነቱ እንደሚመለስ በደብዳቤ ተነግሯቸው ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም አልጋ ከያዙ በኋላ ያስጨነቃቸው ይኸው ነበር። ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ «አንተስ ከሰዓት በኋላ ምን ትሠራለህ?» ይሉት ነበር። በዚህ ምክንያት የጠያቂው ቁጥር መቀነሱን ቤተሰቡ አይሸሽግም። ሁላችንም ምክንያት ነበረን፤ ልጆቻቸው ሥራ፣ መምህራኑ የፈተና እርማት፣ እህታቸው ዕድሜ። በኋለኛው ምክንያት ሟች በጣም ተደስተው ነበር።

ሕመሙ እንቅልፍ ስለነሳቸው ባለቤታቸው ከሚያስተኛው መደርደሪያ መጻሕፍት እያመጡ ያነቡላቸው ጀመር። እኚህ አባት በሕይወታቸው ከሜትር በቀር ያነበቡት ነገር እንደሌለ ራሳቸው ይናገራሉ። እማማን እንቅልፍ ሲወስዳቸው፣ አንባቢው ታሪኩ ምን ላይ እንደሚደርስ ለማየት መጽሐፉን ይዘው ይቀራሉ። አንድ ጠዋት ስለ አንዲት ዳክዬ የተጻፈ መጽሐፍ ያለ ቦታው መቀመጡን፣ የሚያስቅ መሆኑን ለባለቤታቸው አስታወቁ። እማማ መደርደሪያም ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እንግዲያው ሄደህ አዛውረው» አሏቸው፤ ሄደውም አዛወሩት።

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ እህታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ የደከመ ጉልበታቸውን ያሳርፍልን፤ ነፍሳቸውን ከወዳጆቹ መካከል ያኑርልን፤ ለእኛም እንባችንን የሚያብስ ቀን ያምጣልን።

ትናንት በቤታቸው ተሰብስበን ሳለ፣ ርዕሰ መምህሩ ከብዙ ይቅርታ ጋር ክፍሉን በዚህ ሳምንት መረከብ እንዳለባቸው፣ የተሰባበሩት ወንበሮች ደጅ ፀሐይ ላይ መሆናቸውን ገለጹ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን። ባለቤታቸው ተነሡ፤ እንዲህም አሉ፦ «ወንበሮቹን ወደ እኔ ቤት አምጧቸው፤ እጠግናቸዋለሁ። ክፍሉን ግን አላስረክብም። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እኔው እከፍተዋለሁ።»