በሁለት እርድ ቆዳ ያልዳነው ቢየላ

ይድረስ ለልጄ ለሙሐሲን ጀብሪል፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ? የዚያ አገር ሙቀት የጠላው ሆድህስ እንዴት ሆነ? ጋራዡስ፣ ሥራውስ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ታሞ የተኛው ወፍጮው ነው።

ሞተሩ ኳ ኳ ማለት ሲጀምር መካኒኩ ክንፈ ከፍቶ አየና «አባ ጀብሪል፣ ፒስተኑን የያዘው ቢየላ አፉ ተበልቷል፤ መቀየር ነው» አለኝ። አንተም እልካለሁ ብለህ ነበር። እኔ በሕይወት እያለሁ ከዓረብ አገር ዕቃ አይለመንም ብዬ፣ የላላውን በቆዳ እንዲሞላው አዘዝኩት። ከራሱ የጠፍር አልጋ ቆርጦ፣ በዘይት ነክሮ ከተተበት። ኳኳታው ጠፋ፤ እኔም ኮራሁ።

ምን ያደርጋል፣ ጠፍሩ ለጥምቀት ቅርጫ የታረደ በሬ ቆዳ ኖሯል። የኛ ሴቶች ሰምተው «የክርስቲያን እርድ ገብቶበታል» ብለው እህላቸውን አነሱ። ተናድጄ አስወጣሁትና የኛን እርድ ቆዳ አስገባሁ። ደግሞ ጎረቤታችን በዛች «በሁዳዴ? እርስዎ ሰውዬ፣ ጾሜን ሊያስፈቱኝ ነው!» ብላ ስልቻዋን ተሸክማ ወጣች። ሸሁና ቄሱ አብረው መጥተው፣ ቆዳው ያለው ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው፣ ዱቄቱን አይነካም ብለው አስረዱ። ሰዉ አሜን አለና እህሉን ጭኖ ወደ ማዶ ወረደ። የማዶው ባለወፍጮ ምንይችልማ በገበያ መሐል «የርስዎ ቤት ወፍጮ ነው ወይስ ቄራ?» አለኝ። ገበያዬን ሳልጨርስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እኔ!

ቆዳው ራሱ ተቃጥሎ ገላገለን። ኳኳታው ብሶ ተመለሰ። ክንፈ «ከዚህ በላይ ከሠራ ቢየላው ተሰብሮ ሞተሩን ይበሳዋል» ሲለኝ አልተከራከርኩም፣ አጠፋሁት። አሁን በዛች ገብሷን አዝላ ያን ገደል ትወርዳለች፤ እህትህ ኡምኩልሱምም ከኋላዋ። እኔ የተዘጋ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ አያቸዋለሁ።

ስለዚህ ቢየላውን አፉ ውስጥ ከሚገባው ብረት፣ ከነብሮንዚናው ላክ። ለልኩ እንዲሆንህ አሮጌውን አስፈትቼ፣ ወደ ጅዳ ለሚመለሰው ለአጎትህ ልጅ ለሁዜይፋ ሰጥቼዋለሁ። ዋጋውን አትንገረኝ። ምክርም አብረህ አትጠቅልልበት፤ ክንፈ የመከረኝ ይበቃል።

ኡምኩልሱም ከነልጆቿ በናፍቆት ሰላም ትልሃለች። በዛች «ሙሐሲንዬ» እያለች ጉንጭህን ስማሃለች። ክንፈም ሰላም በልልኝ ብሏል፣ አኩርፌው ሳለሁ። ለሚስትህ ለሐረግ፣ አብረዋችሁ ላሉት ያገር ልጆች ሁሉ ሰላም በል።

አሮጌውን ብረት ግን እንዳትጥለው። አዲሱ ካልተስማማኝ እሱኑ እመልሳለሁ።

አባትህ ጀብሪል
መካነ ሰላም፣ መጋቢት 14 ቀን 1997 ዓ.ም.