አንድ እጅጌ ለሁለት ወንድማማች

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጤናሽስ? ጣቶችሽ አሁንም ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይሉሻል ወይስ የአገሩ ሙቀት ትንሽ አፍታታቸው? ባልሽ ደህና ነው? ልጅሽስ ጥርስ አበቀለች? እኛ ሁላችንም ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት አልሆነልኝም። ጽሑፌ ተጣሞ ስታዪው አትቆጪኝ፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

የላክሽው ጥቅል ደርሶናል። ሹፌሩ ስፌት ቤት ድረስ አምጥቶ፣ "መንገዱን ሙሉ እጄን ሲያሳክከኝ መጣ" እያለ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። ስፈታው ያ ያኔ ሳያልቅ የቀረው የቀኝ እጅጌ ነው፤ ጨርሰሽዋል። እናታችን ተናዳ "ቁራ ያድርጋችሁ" ብላን ሦስታችንም ከደጃፍ ብር ብለን ስንጠፋ፣ አንቺ ትንፍሽ ሳትዪ በባዶ እጅሽ ሳማ ለቅመሽ፣ ፈትለሽ፣ ሸሚዝ ሰፍተሽ ሰው ያደረግሽን ቀን ትዝ አለኝ። የትንሹ ወንድማችን አንድ እጅጌ ሳይደርስ የተሰጠሽ ቀን ሞላና አንድ ክንፉን እንደያዘ ቀረ። ይዘሽው የሄድሽው ሳማ በዚህ እንዳለቀ፣ እዚያም እንደማይበቅል፣ ጣቶችሽም ከእንግዲህ እሺ እንደማይሉሽ የጻፍሽውን ሳነብላት እናታችን አለቀሰች። እጅጌውን ሸሚዙ ላይ መስፋቱ ደግሞ የኔ ሥራ ሆነ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ለትንሹ አዝኜ እንዳይመስልሽ። ቅናት ነው፣ አንጀቴን ሲበላኝ የኖረ ቅናት። እሱም እንደኔ ባለሁለት እጅ ሆኖ ሱሪ ሲያሳጥር ይዋል አልኩ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ክንፍ ክንፍ ብቻ ሆኗል። እናታችን ምግብ ስታወጣ መጀመሪያ ለሱ ነው። ደንበኛ ልብስ ሊያሰፋ ገብቶ ዓይኑ ከክንፉ አይነቀልም፤ ልኩን ልወስድ "እጅህን አንሳ" እያልኩ ጉሮሮዬ ይደርቃል። የሸሚዝ ቁልፍ ሻጯ እንኳ፣ ፊቷን ለማየት ስል የማልፈልገውን ቁልፍ ስገዛት የኖርኩት ሴት፣ ባለፈው መጥታ አንድ ላባ ለምናው ፀጉሯ ላይ ሰካችው። የኔ ቁልፍ በጣሳ ሙሉ ተቀምጧል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ቁራዎቹን ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ ያርፉና እሱ ክንፉን ዘርግቶ ያዋራቸዋል፣ አብሯቸው ይስቃል። "ምን አሉህ?" ስለው "ከወንዙ ማዶ ነፋስ ተነስቷል አሉኝ" ይለኛል። እኔም እኮ ቁራ ነበርኩ! ከሱ ከፍ ብዬ እበር ነበር። ዛሬ ቋንቋቸው ጠፍቶኝ እንደማንም ሰው እሽ ብዬ አባርራቸዋለሁ። ለሱ ግማሹ ቀርቶለታል፣ ለኔ ምንም አልቀረልኝም፤ ሰው ግን የሚያዝነው ለሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት እጅጌውን ልሰፋለት መርፌና ክር አዘጋጅቼ እስኪመጣ ስጠብቅ ዓይኔ የራሴ የሳማ ሸሚዝ ላይ አረፈ። እንደምታውቂው ቢያሳክከንም ከሌላው ልብስ ሥር አውልቀነው አናውቅም። ለሱ ክንፉን ያስቀረለት የአንድ እጅጌ መጉደል አይደል? ይህን አስቤ መቀሴን አነሳሁና ከቀኝ ትከሻዬ ጀምሬ ተረተርኩት። የሰው ልብስ ስተረትር የኖርኩ ነኝና ጊዜ አልፈጀብኝም። እጅጌው ወልቆ መሬት ሲነካ አመድ ሆነ።

ክንፍ መጣ፣ እታለም። ግን ላባ የለውም። እንደ ተነጨ ዶሮ ክንፍ ቀይ፣ ቀጭን፣ ብርድ ሲነካው የሚንዘፈዘፍ። አይበርም፣ መቀስም አይዝም። መስኮቱን ከፍቼ ቁራዎቹን ጠራኋቸው፤ አዩኝና ሄዱ። ይህን የምጽፍልሽ በግራ እጄ ነው።

ታላቅ ወንድማችን ከዳቦ ቤቱ ሮጦ መጥቶ "አንተ ጅል" እያለ በፎጣ ጠቀለለልኝ። እናታችን ከረገመችን ወዲህ ስትናደድ ክፉ ቃል እንዳያመልጣት አፏን ውሃ ትሞላለች። ያን ቀን ውሃውን እንደያዘች እንባዋ ወረደ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አልዋጠችውም።

አሁን አንድ እጅጌ ለሁለት ሰው ሆነ። ያለ ቀኝ እጄ ስፌት ቤቱ መዘጋቱ ነው። ትንሹም ከልጅነቱ ጀምሮ ክንፉ እየከለከለው በቀኝ ጎኑ ተኝቶ አያውቅም፤ አንድ ሌሊት ተገላብጬ በተኛሁ ሲል ነው ያደገው። ይህን እኔ ወንድሙ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ የነገረችኝ እናታችን ናት። እሱ ግን እጅጌውን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠና "ላንተ ይሁን፣ እኔ ለምጄዋለሁ" አለኝ። አሁንም ወረቀቱ እንዳይንሸራተትብኝ በክንፉ ጫፍ ይዞልኛል። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ታላቃችን ነገ በዚያ በወፍራም ጣቱ ለትንሹ እንዲሰፋለት ነግሬዋለሁ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አሳየዋለሁ። ደግ ሆኜ እንዳይመስልሽ፣ እታለም። ትንሹ በዚህ እንኳ እንዳይበልጠኝ ብዬ ነው።

ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ባልሽንም አክብሬ ሰላም ብያለሁ። እናታችን ጣቶችሽን በያሉበት ትስማለች። ታላቃችን በዱቄት እጁ ሰላም ብሎሻል። ትንሹም እጅ ነሥቷል፤ ከነገ ጀምሮ በሁለት እጁ ይሆናል። እንግዲህ "ለባለክንፉ" ብለሽ ሰላምታ ስትልኪ ወደኔ ነው የሚመጣው።

ወንድምሽ ሰፊው
ከስፌት ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናቡ እንዳባራ